ኮንቴነር ምንድን ነው?

የዛሬው ትምህርቴ የመጣው ከደረሰብን ነገር ነው።

ለጥያቄና መልስ ውድድር ያዘጋጀነው ፕሮግራም ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይሠራል። በፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን ስንወስደው ግን እምቢ አለ። የተጻፈው በአዲሱ ፓይተን ነው፤ እዚያ ያለው አሮጌው። አሮጌውን አጥፍተን አዲሱን ስንጭን ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ አልከፈት አለ! ተማሪው ተሰብስቦ እየጠበቀ ውድድሩ ቀረ። ማይኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አፈርኩ።

ማታ ወንድሜ «መፍትሔው ኮንቴነር ነው» አለኝ። እኔ እኮ ሱቅ የሚከፈትበት የብረት ሳጥን መስሎኝ ሳቅሁ።

እዚህ ደብረ ታቦር እኛ ግቢ ከጉና በኩል የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተከራይተዋል። እያንዳንዱ የራሱ በርና ቁልፍ አለው። እሁድ ሲመጣ ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ የአንዱ በሶ ከሌላው ድርቆሽ አይቀላቀልም። ቆጣሪው ግን ለሁሉም አንድ ነው። ኮንቴነርም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ፓይተንና ሌሎች ፋይሎች እንደ ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ የጎረቤቱን ፋይል አያይም። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ግን ሁሉም በጋራ ይጠቀማሉ።

ቨርቹዋል ማሽን የሚባለውስ? እሱ ለእያንዳንዱ ተከራይ ከነቆጣሪው አዲስ ቤት እንደ መሥራት ነው። ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለሚይዝ ሜሞሪ ይበላል፣ ለመነሳትም ይቆያል። ጥበቃው ግን ይጠነክራል። ኮንቴነር ቀላል ቢሆንም ከርነሉ ከወደቀ ሁሉም አብረው ይወድቃሉ።

እናቴ ተከራዮቹን «የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳትሰኩ!» የምትለው አንዱ ኃይሉን ሲጨርሰው ሁላችንም ጨለማ ስለምንቀመጥ ነው። ሊኑክስም ለእያንዳንዱ ኮንቴነር የሜሞሪና የፕሮሰሰር ገደብ ማበጀት ይችላል።

ሐሳቡ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኒክስ ላይ ፕሮግራምን በአንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ የሚያስቀር ትእዛዝ ተሠርቶ ነበር። ነገሩን ለብዙ ሰው ያቀለለው ግን በ2013 የወጣው ዶከር ነው።

ወንድሜ ሊኑክስ ባለው የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ዶከርን ጫነ። አሮጌው ፓይተን ተመለሰ፣ መዝገቡም ተከፈተ። ፕሮግራማችንም ከነስንቁ በፍላሽ መጥቶ አጠገቡ ሠራ። አንድ ነገር ግን ረሳን፦ ነጥቡን ከኮንቴነሩ ውጭ አላስቀመጥንም። ኮንቴነሩን ስንሰርዘው የመጀመሪያው ዙር ነጥብ አብሮ ጠፋ። 6ኛ «ለ»ዎች እየመሩ ስለነበር እስካሁን አኩርፈውናል።

ጥያቄ፦ አንድ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ አምስት ኮንቴነር ቢነሳ ስንት ከርነል ይሠራል? መልሳችሁን በክበባችን ሳጥን ክተቱ።