ካያክና የባስ ዘንግ፦ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ስለ ማጥመድ የቀረበ ምልልስ

ይህ ምልልስ በአንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅና ሙያውን ሊማር በሚሻ ወጣት መካከል የቀረበ ሲሆን፣ ጉዳዩ ባስ የተባለውን ዓሣ ከካያክ ላይ ለማጥመድ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ስፍራው ዋሽንግተን ዲሲን አልፎ፣ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚወርደው የፖቶማክ ወንዝ ሲሆን፣ በዙሪያው ባሉ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ የወንዙ ጠባይ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ብዙ ጀማሪዎች በመጀመሪያ ዘንግ ይገዛሉ፤ ካያኩን የሚያስቡት ቆይተው ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው?

አዛውንቱ፦ ትክክል አይደለም ልጄ። ከሁለቱም በፊት የሚገዛው የሕይወት አድን ጃኬት ነው፤ ምክንያቱ በቦታው ይነገራል። ከዘንግና ከካያክ ግን ካያኩ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ዘንግ የሚመረጠው ለዓሣው ብቻ ሳይሆን አጥማጁ ለሚቀመጥበት ወንበርም ጭምር ነው። ከዳር ቆሞ የሚወረውር ሰው እግሩ መሬት ረግጧል፤ በሞተር ጀልባ የሚያጠምደውም ከውኃው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የካያክ ሰው ግን ከውኃው ወለል ብዙም ሳይርቅ እግሩን ዘርግቶ ስለሚቀመጥ፣ የክንዱ ስፋት፣ የአወራወሩ ከፍታና ዓሣውን የሚስብበት ኃይል ሁሉ ይቀየራል። በሱቅ ውስጥ ቆሞ የተሞከረ ዘንግ ካያክ ላይ ሲደርስ ሌላ ዕቃ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወጣቱ፦ ካያክ የሚባለውስ በጣና ሐይቅ ላይ ከሚታየው የደንገል ታንኳ በምን ይለያል?

አዛውንቱ፦ የጣናው ታንኳ ደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ ቀዛፊው በላዩ የሚቀመጥበት፣ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ወደ ዳር ወጥቶ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። ካያክ ደግሞ በመነሻው የአርክቲክ ሕዝቦች የእንስሳ ቆዳ በቀጭን አጽም ላይ ወጥረው የሠሩት የአደን ጀልባ ሲሆን፣ የዛሬው የዓሣ ማጥመጃ ካያክ በብዛት ፖሊኤትሊን ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንደኛው አጥማጁ እግሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ የሚቀመጥበት፣ ሁለተኛው እንደ ታንኳው በላዩ የሚቀመጡበት ነው። ለባስ ማጥመድ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው፤ በወለሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ያለፉ ቀዳዳዎች ስላሉት የገባው ውኃ ራሱ ይወጣል፤ ከተገለበጠም መልሶ ገልብጦ መውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው ዓይነት ግን አንዴ ውኃ ከሞላው በፓምፕ ወይም በባልዲ ካልተቀዳ አይነሣም።

ወጣቱ፦ መጠኑስ?

አዛውንቱ፦ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ጫማ፣ ወርዱ ከ33 እስከ 36 ኢንች ያህል የሆነ ካያክ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ወርዱ በሰፋ ቁጥር ቆሞ መወርወር ይቀላል፤ ቀዘፋው ግን ይከብዳል። እዚህ ላይ ሻጮች የማይናገሩት ነገር ክብደቱ ነው፤ ሙሉ ዕቃ የተገጠመለት ሰፊ ካያክ 40 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ በአፓርታማ የሚኖርና መኪናው ጣሪያ ላይ ብቻውን የሚጭን ሰው ይህን ካላሰበ ካያኩ ወንዝ ሳያይ ክረምቱ ይገባል። በእግር የሚነዳ ባለ ፔዳል ካያክም አለ፤ ሆቢ የተባለው ኩባንያ እንደ ዓሣ ክንፍ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘውን መንጃ በ1997 ካወጣ ወዲህ ሁለት እጅን ለዘንግ ነጻ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ ዋጋው ከባድ ነው፤ የውኃ ሣርም ይጠመጠምበታል፤ ጀማሪ ከ240 እስከ 260 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ጥሩ መቅዘፊያ ቢጀምር ይሻላል፤ የወንዙን ጉልበት በክንዱ ያውቀዋልና።

ወጣቱ፦ ስለ ዓሣው ራሱ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

አዛውንቱ፦ በአሜሪካ የወንዝና የሐይቅ አጥማጆች ዘንድ ባስ ሲባል በተለይ የሚታሰቡት አፈ ሰፊውና አፈ ጠባቡ ባስ ናቸው። አፉ ሲዘጋ የላይኛው መንጋጋ ጫፍ ከዓይኑ ኋላ ካለፈ አፈ ሰፊው፣ ከዓይኑ ሥር ከቀረ አፈ ጠባቡ ነው። አፈ ጠባቡ ለፖቶማክ ባዕድ ነበር፤ በ1854 ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ ተይዞ፣ በእንፋሎት ባቡር የውኃ ጋን ውስጥ ተራሮችን ተሻግሮ በሜሪላንድ ከምበርላንድ አጠገብ እንደተለቀቀ ይተረካል። ዛሬ በወንዙ ላይ ካለው ታላቅ ፏፏቴ በላይ ባለው ድንጋያማ ውኃ አፈ ጠባቡ፣ ከዋሽንግተን በታች ባለው ዘገምተኛ ውኃ አፈ ሰፊው በርክቶ ይገኛል። አፈ ሰፊው አሳዶ ከመያዝ ይልቅ አድፍጦ የሚነጥቅ ዓሣ ስለሆነ ሣር፣ የወደቀ ግንድና የጀልባ ማቆሚያ ምሰሶ መደበቂያዎቹ ናቸው። በ1982 በዚሁ ወንዝ የታየው ሃይድሪላ የተባለው መጤ የውኃ ሣር፣ አረም ነው ተብሎ ቢፈራም፣ ለባሱ ሰፊ መሸሸጊያ ሆኖለታል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ዘንጉ በዚህ ሁሉ መካከል እንዴት ይመረጣል?

አዛውንቱ፦ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። የዘንግ ኃይል ማለት ዘንጉን ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ክብደት ሲሆን፣ ከቀላል እስከ ከባድ ይመደባል፤ የዘንግ አጎባበጥ ማለት ደግሞ ዘንጉ የሚጎብጥበት ቦታ ሲሆን፣ ጫፉ ብቻ የሚጎብጠው ፈጣን፣ እስከ እጀታው ድረስ የሚጎብጠው ዘገምተኛ ይባላል። ለሣራማ ውኃ ኃይሉ መካከለኛ ከባድ፣ አጎባበጡ ፈጣን የሆነ የካርቦን ዘንግ ይስማማል። እስከዚህ ድረስ ለካያክም ለሌላም ጀልባ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው በርዝመቱና በእጀታው ላይ ነው። የተቀመጠ ሰው አጭር ዘንግ ይቀለዋል የሚል ምክር በብዛት ይሰማል፤ ምክሩ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የተያዘው ዓሣ በካያኩ አፍንጫ ሥር ወደ ማዶ ቢያልፍ፣ አጥማጁ ከወንበሩ ሳይነሣ የዘንጉን ጫፍ በአፍንጫው ዙሪያ ማሻገር አለበት፤ ካልደረሰለት ክሩ ከፕላስቲኩ ጋር ይፋተግና ይበጠሳል። ስለዚህ ዘንጉ 7 ጫማ ያህል ይሁን፤ ማጠር ያለበት ከሪሉ በስተኋላ ያለው እጀታ ነው፤ ረጅም እጀታ ከሕይወት አድን ጃኬቱና ከወንበሩ ጋር እየተጋጨ እጅን ያስራል።

ወጣቱ፦ ሪል የሚባለውስ?

አዛውንቱ፦ ሪል ክሩን የሚጠቀልለውና የሚለቅቀው መሣሪያ ነው። በአንደኛው ዓይነት ክር የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ ሲወረወር አይዞርም፤ ክሩ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። በሁለተኛው ማጠንጠኛው ራሱ ይሽከረከራል፤ ይህ ለከባድ ማማለያና ለትክክለኛ ዒላማ የተሻለ ቢሆንም፣ አውራ ጣት በጊዜው ካላቆመው ክሩ ከሚወጣበት በላይ እየተፈታ ይተበተባል። በመሬት ላይ ትብትብ መፍታት የትዕግሥት ጉዳይ ነው፤ በካያክ ላይ ግን አጥማጁ አንገቱን ደፍቶ ክር ሲፈታ ነፋሱ ካያኩን ወስዶ ሣር ውስጥ ወይም ጀልባዎች በሚያልፉበት መስመር ላይ ያስቀምጠዋል። ጀማሪ በመጀመሪያው ዓይነት፣ መጠኑ 2500 ወይም 3000 በተባለው ይጀምር፤ እጁ ሲፈታ ሁለተኛውን ይጨምር። ያን ጊዜም የማርሽ ምጣኔውን ይመልከት፤ 7 ለ 1 ማለት እጀታው አንድ ዙር ሲዞር ማጠንጠኛው ሰባት ይዞራል ማለት ነው። ካያክ በነፋስና በውኃ እየተገፋ ወደ ማማለያው ስለሚጠጋ ክሩ ይላላል፤ የላላውን ክር ፈጥኖ ለመሰብሰብ ከፍ ያለው ምጣኔ ይረዳል።

ወጣቱ፦ ዓሣው ካያኩን ይጎትታል ይባላል። እውነት ነው ወይስ የአጥማጆች ወሬ?

አዛውንቱ፦ እውነት ነው፤ የዚህ ሙያ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። በሪል ውስጥ ፍሬን አለ፤ ዓሣው በኃይል ሲስብ ክሩ ከመበጠሱ በፊት እየተንሸራተተ እንዲለቅቅ የሚያደርግ ሲሆን፣ በተለምዶ የክሩን አቅም ሩብ ወይም ሢሦ ያህል ይዞ ይስተካከላል። ካያክ ደግሞ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ በቀላሉ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ራሱ ሁለተኛ ፍሬን ይሆናል፤ ሁለት ኪሎ ግራም የሚመዝን ባስ እንኳ አፍንጫውን ወደ ራሱ ያዞረዋል። ይህ አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት አለው። ጥቅሙ፣ ጀልባው ስለሚከተል ክሩ ላይ ድንገተኛ ጭነት አለመምጣቱ ነው። ጉዳቱ የሚታየው በመጀመሪያዋ ቅጽበት ነው፤ አጥማጁ መንጠቆውን በዓሣው አፍ ለመትከል ዘንጉን በኃይል ሲስብ፣ ከጉልበቱ ከፊሉ መንጠቆውን ከመትከል ይልቅ ካያኩን ወደ ፊት ይገፋዋል። የተቀመጠ ሰው ወደ ላይ ቢስብ ሚዛኑን ይስታል፤ ስለዚህ ዘንጉን ወደ ጎን፣ ከውኃው ጋር ትይዩ አድርጎ ይስባል፤ መንጠቆውም ቀጭንና የተሳለ መሆን አለበት፤ ክሩም የማይለጠጥ ዓይነት ይሁን።

ወጣቱ፦ ክሮቹ በምን ይለያያሉ?

አዛውንቱ፦ ነጠላው ናይለን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ይለጠጣል። ፍሎሮካርቦን ይሰምጣል፤ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ከናይለን ይልቅ ለውኃ ስለሚቀርብ ብዙ አይታይም፤ መፋተግንም ይችላል። ከቀጫጭን የፖሊኤትሊን ጭረቶች የተጎነጎነው ክር አይለጠጥም፤ 30 ፓውንድ የሚችለው 8 ፓውንድ ከሚችል ናይለን ብዙም አይወፍርም፤ ሣርም ይቆርጣል። ለካያክ የሚሻለው ጉንጉኑን ሪሉ ላይ ሞልቶ፣ ውኃው ጥርት ካለ ጫፉ ላይ አጭር ፍሎሮካርቦን መቀጠል ነው።

ወጣቱ፦ የማማለያ ዓይነት ግን በሱቅ ውስጥ ተቆጥሮ አያልቅም።

አዛውንቱ፦ ማማለያ ማለት ዓሣውን የሚያታልል ሰው ሠራሽ ምግብ ነው፤ ሦስት ዓይነት ይበቃል። አንደኛው ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ነው፤ በ1949 በኦሃዮ ግዛት ኒክ ክሪም የተባለ ሰው ከሠራው ወዲህ የባስ አጥማጅ ሁሉ ስንቅ ሆኗል፤ የመንጠቆው ጫፍ በትሉ አካል ውስጥ ተመልሶ ሲደበቅ ሣር ሳይዝ ያልፋል። ሁለተኛው በሣር ላይ የሚንሸራተት የጎማ እንቁራሪት፣ ሦስተኛው በውኃ መካከል የሚሳብ፣ የሚሽከረከር ቅጠል ያለው ማማለያ ነው። የቀረውን ገንዘብ ለጃኬቱ ማዋል ይሻላል። ዘንግም ከሦስት አይብለጥ፤ እያንዳንዱ በገመድ ከካያኩ ጋር ይታሰር፤ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ካያኩ በተገለበጠ ቀን የወንዙ ነው።

ወጣቱ፦ ስለ ጃኬቱ የተነገረው አሁንም አልተብራራም። ዋና የሚችል ሰው ለምን ይጨነቃል?

አዛውንቱ፦ የሚገድለው ጥልቀቱ ሳይሆን ቅዝቃዜው ስለሆነ ነው። በመጋቢት አየሩ ሞቆ ሰው በሸሚዝ ሲወጣ ውኃው ገና የክረምቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው፣ በነፍስ አድን ሠራተኞች ዘንድ አንድ፣ አሥር፣ አንድ የሚባል ስሌት ይጠብቀዋል፤ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ያለፈቃድ የሚያስተነፍስና ውኃ የሚያስውጥ ድንጋጤ ናት፤ በሚቀጥሉት አሥር ደቂቃዎች ጣትና ክንድ መታዘዝ ያቆማሉ፤ ከቅዝቃዜ የተነሣ ራስን መሳት የሚመጣው ግን ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ዋና የሚችለውም ሰው ጃኬት ከሌለው የሚሰምጠው ገና ክንዱ ሲከዳው ነው። የሜሪላንድ ደንብ በፈረንጅ ከኖቬምበር 15 እስከ ሜይ 15፣ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ የሚጓዝ ሁሉ ጃኬቱን ለብሶ እንዲገኝ የሚያዘው ለዚህ ነው፤ ከወንበር ኋላ የታሰረ ጃኬት አይቆጠርም። ፊሽካና ለጨለማ የሚሆን ነጭ መብራትም አብረው ይያዛሉ። መልሕቅ ደግሞ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ከካያኩ ጎን ፈጽሞ አይጣልም፤ ውኃው ጎኑን ገፍቶ ይገለብጠዋል፤ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ብቻ ይታሰር፤ ገመዱን የሚቆርጥ ቢላዋም ደረት ላይ ይሁን።

ወጣቱ፦ ወንዙ ከባሕር የራቀ ሆኖ ሳለ ውኃው በየዕለቱ ይሞላል ይጎድላል ሲባል ይሰማል።

አዛውንቱ፦ ልክ ነው፤ የባሕሩ መሙላትና መጉደል እስከ ዋሽንግተን ይደርሳል፤ ልዩነቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ሲጎድል ትናንሽ ዓሦች ከሣሩ ውስጥ ስለሚወጡ ባሱ በሣሩ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ያደፍጣል፤ ጥሩው ሰዓትም ይህ ነው። ነገር ግን እንደ ማታዎማን ባሉ ገባር ወንዞች ውስጥ ጠልቆ የገባ ካያክ በዚያው ሰዓት ጭቃ ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ የውኃው መሙላትና መጉደል የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ከመውጣት በፊት ይታያል።

ወጣቱ፦ ባስ ሲጠበቅ ሌላ ዓሣ ቢያዝስ?

አዛውንቱ፦ በዚህ ሣር ውስጥ የጎማ እንቁራሪቱን የሚነጥቅ ሌላ ዓሣ እባብ ራስ የተባለው ነው፤ ከእስያ የመጣ፣ በፖቶማክ በ2004 የተገኘ፣ ጥርሱ ስለታም የሆነ ዓሣ ነው። ባስን እንደሚይዙት ከንፈሩን በአውራ ጣት መያዝ አይገባም፤ በብረት መያዣ ተይዞ እዚያው መገደል አለበት፤ በሕይወት ይዞ መጓዝ በሕግ የተከለከለ ነውና። ባሱን በስስት ከመያዝ ለውኃው መመለስ ይመረጣል፤ እባብ ራሱ ግን ሥጋው ነጭና ጠንካራ ስለሆነ ለለብለብም ለዱለትም ይሆናል፤ በጾም ዓሣ የሚበላበት ቤት ደግሞ ይደሰትበታል። ከዚያ በፊት ግን በወንዙ ውስጥ የቆየ የኢንዱስትሪ ብክለት ስላለ፣ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዲሲ ባለሥልጣናት ለእያንዳንዱ የዓሣ ዓይነትና ለእያንዳንዱ የወንዙ ክፍል በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚፈቀድ ያወጡት መመሪያ ይነበብ፤ ለእርጉዝ ሴትና ለሕፃን የተለየ ቁጥር አለው።