ሐሳብ ስላለኝ ይቅርታ?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት የመጣው ከባቄላ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የሳይንስ መምህራችን ለየቡድኑ አንድ ጥያቄ ሰጡን። «አንድ ዓይነት ባቄላ፣ ክዳን በሌለው ድስት፣ በአንድ ዓይነት እሳት፣ ጎንደርና መተማ ላይ ቢቀቀል የቱ ጋ ቶሎ ይበስላል? ምክንያቱን ጻፉ።» የሚያዘው ከ5 ነው። እኔ መልሱን አውቀው ነበር። አክስቴ የምትኖረው መተማ ነው፤ እኛ ቤት በመጣች ቁጥር «የእናንተ አገር ባቄላ ደግሞ አይበስል!» እያለች ታማርራለች። ለቡድኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? «ይቅርታ፣ ልክ ላይሆን ይችላል፣ እኔ ሳይንስ ላይ ብዙም አይደለሁም፣ ግን መተማ...» ሳልጨርስ አንዱ ልጅ ቆፍጠን ብሎ «ውኃ የትም አገር የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ እኩል ነው» አለ። «እኩል» ተብሎ ተጻፈ። ከ5 ዜሮ አገኘን።

መልሱ እንዲህ ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው ያን ያህል ሳይግል ይፈላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለምትበልጥ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። መተማ ቆላ ነው፤ እዚያ የፈላ ውኃ ከእኛው የበለጠ ይሞቃል፣ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል። እዚህ እሳት ብንጨምርበት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

ውጤቱ ሲነገር ጓደኛዬ ዞር ብላ «ታውቂው ነበር አይደል?» አለችኝ። «ብያችሁ ነበር እኮ» አልኳት። «አላልሽም፤ ይቅርታ ነው ያልሽው» አለችኝ። ይቺ ንግግር እስከ ቤት ድረስ ተከተለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለ1 ሳምንት፣ ይቅርታ ባልኩ ቁጥር ደብተሬ ጀርባ ላይ አንዳንድ ጭረት አደረግሁ። 14 ሆነ። ጥፋት የነበረባቸው 2 ብቻ ናቸው፤ አንድ ቀን አርፍጃለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰልፍ ላይ የሰው እግር ረግጫለሁ። የቀሩት 12 ሐሳብ ስላለኝ ብቻ የተጠየቁ ይቅርታዎች ናቸው! «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል እየሰማን ስላደግን ይሆን? እኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ጨዋነትማ እጅ አውጥቶ ተራ መጠበቅ ነው፣ መምህርን አንቱ ማለት ነው፣ የሰው ንግግር አለማቋረጥ ነው። (ያቋረጥከኝ ልጅ፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ ሰላም ብያለሁ።)

እርግጠኛ ካልሆንንስ? «ይመስለኛል» ማለት ነውር የለውም፤ ግን ወዲያው «ምክንያቱም» ይከተል። «መተማ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አክስቴ ሁለቱም ቦታ ቀቅላ አይታዋለች» ብል ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው «እንዴት?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ያንን ልጅ ያመኑት ጮክ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ምክንያት ስላቀረበ ነው። ምክንያቱ ግማሽ ቢሆንም አቀረበ። እኔ ሙሉውን ይዤ ከይቅርታ ኋላ ደበቅሁት።

መሳሳትም አለ። ባለፈው ወር በኅብረተሰብ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ብድግ ብዬ «ጎንደር ከመተማ የምትቀዘቅዘው ከምድር ወገብ ይበልጥ ስለምትርቅ ነው» አልኩ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ! መምህርታችን «በይ ነዪና ካርታው ላይ ለኪው» አሉኝ። ብለካው ርቀታቸው ተቀራራቢ ነው፤ እንዲያውም መተማ ትንሽ ወደ ሰሜን ናት። ለካ ልዩነቱ እዚያም ከፍታ ነው፤ ባቄላውን እንኳ አላስታወስኩም! ክፍሉ ሳቀ፣ ጆሮዬ ጋለ። ነገር ግን በሹክሹክታ ብዬው ቢሆን ማንም አያርመኝም ነበር፤ እስከ ፈተና ይዤው እሄድ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለክበባችን ሳስረክብ «ይቅርታ፣ ረዘመ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በእጇ የምትገለብጠው ልጅ አየችኝ። «ረዝሟል» አልኳት፣ «ግን ባቄላውን እንዳትቆርጪው።»