ጠመንጃ ዒላማ ለምን ይስታል?

ጅብ ከበረቱ አጠገብ ቆሟል። ገበሬው አነጣጥሮ ቃታ ሳበ። ጥይቱ ግን በጎን አለፈ። «ዓይኔ ደከመ» ይላል ሰውየው። እስቲ መጀመሪያ ጠመንጃውን እንመርምር።

ሞዝርን እንውሰድ። ከፊተኛው ማነጣጠሪያ እስከ ኋለኛው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። 100 ሜትር የዚህ 200 እጥፍ ነው። እንግዲህ የፊተኛው ማነጣጠሪያ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢገፋ፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይስታል። አንድ ስንዝር መሆኑ ነው። ከጅቡ ጎን ላሚቱ ብትኖርስ?

ማነጣጠሪያው በምን ይገፋል? ግድግዳ ላይ አስደግፈን ያቆምነው ጠመንጃ ወድቆ ድንጋይ ሲመታው ይገፋል። ግድግዳው እርጥብ ከሆነም እንጨቱ እርጥበት እየጠጣ ይጣመማል፤ በርሜሉንም ይጫነዋል።

ሌላም አለ። ጥይት ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይመታል፤ ይህን ትከሻችን ያውቀዋል። ምቱ ሲደጋገም በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የያዙትን ብሎኖች ያላላል። ብሎኑ የላላ ጠመንጃ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይመታል። መነጽር የተገጠመለትማ ይብሳል፤ መነጽሩ ከማሰሪያው ላይ ይንሸራተታል።

ስለዚህ ጥይቱን አውጥተን፣ ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ፣ በሁለት ችካል ላይ አጋድመን እናስቀምጠው። ብሎኖቹን እያየን የላላውን እናጥብቅ። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከተቀመጠበት ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ሁለቱንም የሚነካ አንድ ቀጭን መስመር በሹል ነገር እንጫር። መስመሩ ተቆርጦ ግራና ቀኝ ከተለያየ ማነጣጠሪያው ተገፍቷል።