ደም የቀላቀለ ሽንትና የፊኛ ነቀርሳ

እናቶች ሆይ፤

በባንኮ ጎቲቲ ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ ሳስተምር አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ዶክተር፣ ልጄ ወስፋት ወጣለት፤ የሆድ ትል ኋላ ነቀርሳ ይሆናል የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ የጤና መኮንን ነኝ፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ነውና መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው። ነቀርሳ ስል ካንሰርን ነው እንጂ የሳንባውን በሽታ አይደለም።

ወስፋትና መንጠቆ ትል ካንሰር ማምጣታቸው አልተረጋገጠም። እንዲህ አልኩ ብላችሁ ግን እንዳትተዋቸው። ወስፋት የልጁን ምግብ ይሻማዋል፤ መንጠቆ ትል በባዶ እግር ገብቶ ደም ይመጣል፣ ነፍሰ ጡሯን ያገረጣል። መድኃኒታቸው በጤና ጣቢያ አለ።

ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠው የሽንት ቢልሃርዚያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1994 እ.ኤ.አ. መስክሮበታል። ይህ በሽታ የቆላ ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ፣ በጋምቤላና በኩርሙክ በኩል ይገኛል። «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ባል ወይም ልጅ ለሥራ ወደ ቆላ እርሻ ይወርዳል፤ ሲመለስ ሽንቱ ደም ይቀላቅላል፤ አፍሮም ይደብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው ውኃ ውስጥ ሲሸና የትሉ እንቁላል አብሮ ይወርዳል። እዚያ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ደግሞ ውኃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ሲበሳ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። አድጎ በፊኛ ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ይቀመጥና እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ እሾህ አለው! ገሚሱ ከሽንት ጋራ ሲወጣ ገሚሱ በፊኛው ግድግዳ ተሰክቶ ያቈስላል። ሻረ ሲባል እንደ ገና ይቈስላል፤ እንዲህ ሲል ዓመታት ያልፋሉ። ሰውነት ቍስሉን ለመጠገን አዲስ ሥጋ ሲሠራ ሲሠራ አንድ ቀን ሥርዐቱን ይስታል፤ ያለ ልክም ያድጋል። ካንሰር ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ትሉ ራሱ ካንሰር አይሆንም፤ ጥፋቱ ቍስሉ ሳይታከም መቅረቱ ነው። በግብፅ አገር የፊኛ ካንሰር ለብዙ ዘመን ከወንዶች ካንሰር ሁሉ የበዛ ነበር፤ የቢልሃርዚያ ሕክምና ሲስፋፋ ግን እየቀነሰ ሄደ።

ስለ ቀንድ አውጣው ካነሣን፣ የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ ገዳያቸው መሆኑን ያገኙት ከዚያ ነው። ይሁን እንጂ ለበሽተኛ እንዶድ እንዳታጠጡ፤ ሰውንም ይመርዛል።

ሽንቱ የቀላ ሰው ካለ አትቈጡት። ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ የትኛው ቆላ እንደ ሠራም ይንገረን። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል። ለምርመራ የሚያመጣው ሽንት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሸናው ይሁን፤ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና።