መያዝ የማትወድ ጥንቸል ጥፍሯ እንዴት ይቆረጣል?

ጥንቸል የምታሳድጉ የማኅበራችን አባላት ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ነገሮች አንዱ የጥፍር ጉዳይ ነው። «ስነካት ትሸሻለች፣ ሳነሣት ትራገጣለች፤ ታዲያ እንዴት አድርጌ ልቁረጥላት?» ትሉኛላችሁ። እኔ «ቡላ» የምትባል ጥንቸል ሳሳድግ አራት ዓመት ሆኖኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በአንድ የእንስሳት መጠለያ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ፤ እዚያ በብዛት የሚሰጠኝ ሥራም ይኸው ጥፍር መቁረጥ ነው። እናቴ በቪዲዮ ስንደዋወል «ደግሞ ብለሽ ብለሽ ለጥንቸል ጥፍር ቆራጭ ሆንሽ?» እያለች ትስቅብኛለች። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። በትክክል ካልተያዘች ጥንቸል የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች።

ለምን መያዝ ትጠላለች?

አገር ቤት «ጥንቸል» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሜዳ ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋውን የዱር እንስሳ ነው። በቤት የምትለመደው ግን ሌላ ዝርያ ናት፤ የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው በዛሬዎቹ ስፔንና ፖርቱጋል አካባቢ ጉድጓድ ቆፍራ ትኖር ከነበረችው የአውሮፓ ጥንቸል ነው። ዝርያቸው ቢለያይም ሁለቱም በአዳኝ የሚታደኑ እንስሳት ናቸው። ለጥንቸል ከመሬት መነሣት ማለት በጭልፊት ወይም በቀበሮ መያዝ ማለት ነው። ስለዚህ ስትራገጥ ልታስቸግራችሁ ፈልጋ ወይም እናንተን ጠልታ አይደለም፤ ሕይወቷን ለማትረፍ እየታገለች ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የጥንቸል አጥንት ቀላልና ስስ ነው፤ የኋላ እግሮቿ ጡንቻ ግን እጅግ ብርቱ ነው። ወገቧ ሳይደገፍ አየር ላይ ብትራገጥ የገዛ ጉልበቷ አከርካሪዋን ሊሰብረው ይችላል። በጆሮዋ ወይም በማጅራቷ ማንጠልጠል ፈጽሞ አይገባም።

በኢንተርኔት ቪዲዮዎች ላይ ጥንቸልን በጀርባዋ አጋድመው «አያችሁ፣ ተኛችላችሁ» የሚሉ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል። እንቅልፍ አይደለም። አዳኝ ሲይዛት እንደ ሞተች ሆና የምትደርቅበት የፍርሃት ምላሽ ነው። ዝም ብላለች ማለት ተረጋግታለች ማለት አይደለም፤ ውስጧ በፍርሃት እየራደ ነው። ይህን ዘዴ አትጠቀሙ።

ካልተቆረጠስ?

ጥንቸል በተፈጥሮዋ አፈር ስትቆፍርና ጠጠር ላይ ስትሮጥ ጥፍሯ እየተበላ ያጥራል። በአፓርታማችን ምንጣፍ ላይ ግን የሚያሳጥረው ነገር የለም። ሲረዝም ምንጣፍና ጨርቅ ላይ እየተያዘ ይሰነጠቃል ወይም ይነቀላል። በተጨማሪ የእግሯን አቀማመጥ ያዛባል። ጥንቸል እንደ ድመትና ውሻ የመዳፍ ትራስ የላትም፤ ከእግሯ ሥር ያለው ፀጉር ብቻ ነው። ክብደቷ ወደ ተረከዟ ሲያዘነብል ፀጉሩ ይመለጥና ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ጥፍሯን ማየትና የረዘመውን መቁረጥ ይበቃል።

ጥፍሯን እንወቅ

ጥንቸል 18 ጥፍር አላት፤ በእያንዳንዱ የፊት እግር 5፣ በእያንዳንዱ የኋላ እግር 4። የፊት እግሮቿ አምስተኛ ጥፍር ወደ ውስጥ በኩል ከፍ ብሎ ፀጉር ውስጥ ስለሚደበቅ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በጥፍሩ ውስጥ የደም ሥርና ነርቭ አለ። ጥፍሯ ነጭ ከሆነ ሮዝ መስመር ሆኖ ይታያል። ጥቁር ከሆነ ከሥሩ የስልክ መብራት አብሩበት፤ የደም ሥሩ ያለበት ክፍል ጠቆር ብሎ ይለያል። የሚቆረጠው የደም ሥሩ ካለቀበት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ነው። ከተጠራጠራችሁ ጫፉን ብቻ ንኩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የድመት ጥፍር መቁረጫ መቀስ በቂ ነው። የሰው ጥፍር መቁረጫ ጠፍጣፋ ጥፍር እንዲቆርጥ የተሠራ ስለሆነ የጥንቸልን ቆልማማ ጥፍር ሊጨፈልቀው ይችላል። ከዚህ ሌላ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ ፎጣ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ወይም የፉርኖ ዱቄትና የምትወደውን ምግብ አዘጋጁ። ለቡላ ከበሶብላ ቅጠል የሚበልጥ ጉቦ የለም። ለሌላዋ አንዲት ቁራጭ ሙዝ ወይም ፖም ሊሆን ይችላል፤ ጣፋጭ ነገር ሲበዛ ግን ሆዷን ያውካልና ከጥፍራችሁ አይብለጥ።

ማለማመድ

መቀሱን በመጀመሪያው ቀን አታውጡት። እኔ አዲስ ጥንቸል የማለማምደው በአራት ደረጃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሳምንት ያህል እሰጣለሁ።

1. ወለል ላይ እቀመጣለሁ። እሷ ወደ እኔ ስትመጣ ምግቧን ታገኛለች። አልይዛትም፣ አላነሣትም።

2. ግንባሯንና ትከሻዋን እዳስሳለሁ፤ ከዚያ እጄን ቀስ እያልኩ ወደ እግሯ አወርዳለሁ። የጥንቸል ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን ታያለች፤ ልክ ከአፍንጫዋ ፊትና ከአገጯ ሥር ያለውን ግን አታይም። ስለዚህ እጃችሁን በአፍንጫዋ ፊት አትዘርጉ፤ ከጎን እያየችው ይምጣ። እግሯን ከነጠቀች እለቃታለሁ። ስትነጥቅ እንደምትለቀቅ ያወቀች ጥንቸል ውሎ አድሮ መንጠቁን ትተዋለች።

3. ድምፁን አስለምዳታለሁ። በአንድ እጄ ምግብ እየሰጠሁ በሌላው ደረቅ ፓስታ በመቀሱ እቆርጣለሁ። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ከጥፍር መቆረጥ ጋር ይመሳሰላል።

4. አንድ ጥፍር፣ አንድ ቅጠል። ለዚያ ቀን በቃ።

«አሥራ ስምንቱን በአንድ ቀን ካልጨረስኩ» የሚል ሕግ የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በቀን ሁለት ጥፍር ብትቆርጡ በዘጠኝ ቀን ታልቃላችሁ።

ስትቆርጡ

ጠረጴዛ ላይ አታድርጉት፤ ብትዘል ትሰበራለች። ወለል ላይ ተቀመጡና ጎኗን ከጭናችሁ ጋር አስጠግታችሁ በአራት እግሯ አስቁሟት። ሁለት ሰው ቢኖር ይመረጣል፤ አንዱ ግንባሯን እያሻሸ ይመግባል፣ ሌላው ይቆርጣል። እግሯን በተፈጥሮ ከሚታጠፍበት አቅጣጫ ውጭ አትጎትቱት፤ ትንሽ ከምንጣፉ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ፀጉሩን በጣታችሁ ወደ ኋላ ገፍታችሁ ጥፍሩ በደንብ ሲታያችሁ ብቻ ቁረጡ።

የግድ ማንሣት ካለባችሁ አንድ እጅ ደረቷን፣ ሌላው እጅ መቀመጫዋን ይደግፍ፤ ወደ ሰውነታችሁም አስጠጓት።

ምንም ብትለማመድ እሺ የማትል ጥንቸል አለች። ለእሷ ፎጣ ይረዳል። ፎጣውን ወለል ላይ ዘርጉ፣ መሐሉ ላይ አስቀምጧት፣ አንዱን ጎን ከዚያም ሌላውን ጎን ጠቅልሉ፣ የኋላውንም አስገቡ። ጭንቅላቷና አፍንጫዋ ነጻ ይሁኑ። ከዚያ አንድ አንድ እግር እያወጣችሁ ሥሩ። ጥንቸል ሙቀቷን በአብዛኛው የምታወጣው በጆሮዎቿ ስለሆነ ጆሮዎቿን አትሸፍኑ፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይም አታቆዩአት፤ በተለይ በበጋ ሙቀት።

ዓይኗ ፈጦ ነጩ ከታየ፣ ጆሮዋ ከጀርባዋ ጋር ከተለጠፈ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ከደረቀች ያን ጊዜ አቁሙ። ቀሪውን ነገ ትጨርሱታላችሁ።

ከደማ

አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈራው ያነሰ ነው። ስታርቹን ወይም ዱቄቱን ጥፍሩ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጫን አድርጉ፤ እያነሣችሁ አትዩት። እስኪቆም ንጹሕ ፎጣ ላይ ትቆይ። ሩብ ሰዓት ያህል ተጭኖም ካልቆመ ወደ ሐኪም ደውሉ።

ከዚያ በኋላ

ጀርባዋን ልትሰጣችሁ ወይም በኋላ እግሯ ወለሉን ልትደበድብ ትችላለች፤ ቅሬታዋን መግለጿ ነው። ድርቆሽና ውኃ አቅርቡላትና ተዋት። ዋናው ነገር መብላቷ ነው። የጥንቸል አንጀት ያለማቋረጥ መሥራት አለበት፤ ድንጋጤ ሊያቆመው ይችላል። ግማሽ ቀን ያህል ካልበላች ወይም ካልጸዳዳች ነገ ድረስ የሚጠበቅ አይደለም፤ ድንገተኛ ሕመም ነው።

ስለዚህ ሐኪሙን ቀድማችሁ እወቁት። በአሜሪካ ብዙ ክሊኒኮች ውሻና ድመት ብቻ ነው የሚያዩት፤ ጥንቸል «ኤግዞቲክ» ከሚባሉት እንስሳት ጋር ስለምትመደብ ስትደውሉ «ጥንቸል ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጥፍር መቁረጥ ዋጋውንም ያኔውኑ ጠይቁ። ጥንቸላችሁ ከልክ በላይ የምትፈራ፣ ያረጀች ወይም እግሯን የሚያማት ከሆነች ለባለሙያ መስጠቱ ይሻላል።

በመጨረሻ አንድ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። በወረቀት ላይ አራት እግሮች ሳሉና 18 ሳጥኖች ሥሩ፤ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። የቆረጣችሁትን ጥፍር ከነቀኑ ምልክት አድርጉበት። የፈተና ሳምንት ቢመጣና ብትረሱ አብሯችሁ የሚኖረው ልጅ ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል።