ያገለገለ መኪና እንዴት እንግዛ? ከኮሶዬ ዳገት የተማርኩት

የአውቶሞቲቭ ተማሪ መሆን አንድ ችግር አለው። ዘመድ ሁሉ መኪና ሊገዛ ሲነሳ «ና እስቲ እያት» ይላል። ተማሪውም አያፍርም፣ ገና የአንደኛ ዓመት ትምህርቱን ሳይጨርስ ኮፈን ከፍቶ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርኩ። በዚህ ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ሲገዛ መታየት ያለባቸውን ነገሮች አቀርባለሁ። ነገር ግን ከመጽሐፍ ብቻ የቀዳሁት እንዳይመስላችሁ፣ በቤተሰቤ ላይ ከደረሰው ልጀምር።

ያቺ ነጭ መኪና

አገሬ ዳባት ነው። እናቴ በየወሩ ጎንደር እየሄደች የሕክምና ክትትል ታደርጋለች። ሚኒባስ ላይ ተጨናንቃ ሁለት ጊዜ ራሷን ከሳተች በኋላ፣ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ «መኪና ግዙላት» ብላ የስድስት ዓመት ጥሪቷን ላከች። መኪናዋ በሌላው ቀን ለአጎቴ ሱቅ ዕቃ ታመላልሳለች፣ ወጪዋን በዚያ ትችላለች ተብሎ ነበር የታሰበው።

በ2015 ዓ.ም. ጥምቀት እንዳለፈ አጎቴ በደላላ በኩል ጎንደር ላይ አንዲት ነጭ መኪና አገኘ። በአገራችን ብዙ የማትዘወተር፣ አውሮፓ ሠራሽ ናት። በዕድሜ ከምትመሳሰላት ኮሮላ ዋጋዋ በብዙ ያንሳል። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ወንበሯ ቆዳ ነው። አጎቴ «ሌላ ገዥ እየመጣ ነው» ሲሉት ዓርብ ማታ 50 ሺህ ብር ቀብድ ከፈለ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ደረስኩ። ልብ በሉ፣ መካኒክ ተብዬው የመጣሁት ከቀብዱ በኋላ ነው።

ኮፈኑን ስነካው ሞቅ ይላል። ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ተነሳች፣ ድምጿም ሸጋ ነው። ከመምጣታችን በፊት አሙቀዋት እንደነበር ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አጎቴ ፊት «ነገ ቀዝቅዛ እንያት» ማለት አፈርኩ።

ከዚያ «ዳገት ላይ እንሞክራት» አልኩ። ይህን ማለቴ ብቻ ነው ያዳነን። ከጎንደር ወጥተን ወለቃን አልፈን ወደ ኮሶዬ መውጣት ስንጀምር የሙቀት መለኪያው ከፍ ከፍ አለ። ኮሶዬ ሳንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። የሻጩ ሰው «ይሄ ዳገት ማንን አላፈላም!» አለና ሳቀ። ቆመን ጠበቅን። ሲበርድ የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍተው ከውስጥ በኩል ነጣ ያለ፣ እርጎ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ውሃ ሞልተን ስናስነሳት ደግሞ የውሃ ማጠራቀሚያው ያለማቋረጥ አረፋ ይተፋል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው፣ ምናልባትም ቴስታታው ራሱ ጣሟል።

ደጋ ሞተርን ምን ያደርገዋል?

የሻጩ ሰው ግማሽ እውነት ተናግሯል። ደጋ ለመኪና ይከብዳል። በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ አየሩ ይሳሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን ከባሕር ዳር አገር ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ደባርቅ ላይ ወደ 75 ይወርዳል። ወደ ሰንቀበርና ወደ ጨነቅ ሲወጣ ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ «ይበቃታል» የተባለች ትንሽ ሞተር፣ አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጭና የእኛን ዳገት ስትወጣ በአንደኛ ማርሽ ታለቅሳለች።

ሁለተኛ፣ ውሃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪና ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ታዲያ መኪኖቻችን ሁሉ ለምን አይፈሉም? የራዲያተር ክዳን ስላለ ነው። ክዳኑ ግፊት ይዞ የውሃውን መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከተበላ ግን ግፊቱ ይለቃል፣ ውሃው በ90 ይፈላል፣ ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል። ቆላ ላይ የሚታለፍ የክዳን ጉድለት እኛ ጋ ሞተር ያወርዳል። በነገራችን ላይ፣ በፈላ ሞተር ላይ ይህን ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላልና ሳይበርድ እንዳትነኩት።

እንግዲህ ዳገቱ መኪናዋን አላበላሻትም፣ ያለባትን በሽታ ነው ያወጣባት። ደህና መኪና ኮሶዬን ሳትፈላ ትወጣለች። ሚኒባሶቹ በየቀኑ ሞልተው ይወጡት የለም?

ገመዱና በሬው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መጣን። መንገድ ዳር ቆመን አጎቴ «50 ሺህ ብር ትተን ልንሄድ ነው?» አለኝ። ድምፁ ሌላ ነበር። እኔም ወረቀት አውጥቼ መደመር ጀመርኩ። ጓርኒሲዮኑ ይህን ያህል፣ ቴስታታ ማስላጫ ይህን ያህል፣ የእጅ ዋጋ ይህን ያህል። ድምሩ ከቀብዱ እንዲያንስ በልቤ እየፈለግሁ ነበር የምደምረው። ጎንደር ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ ጋ ስደውል «የሷ ዕቃ እዚህ የለም፣ አዲስ አበባም ከተገኘ ነው» አለኝ።

በመጨረሻ አባቴ ጋ ደወልን። አባቴ ገበሬ ነው፣ ስለ ሞተር አያውቅም። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ «ልጄ፣ በሬ ስትገዛ ጥርሱን ታያለህ፣ ታስኬደዋለህ። ታሟል አልከኝ። ታዲያ ገመዱ እንዳይቀርብህ ብለህ የታመመ በሬ ትነዳለህ?» አለ። አጎቴ ስልኩን ተቀብሎ ሰማ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርንም።

በኢኮኖሚክስ ትምህርታችን የሰመጠ ወጪ የሚባለው ይህ ነው። የወጣ ብር ስለ ወጣ ብቻ ለቀጣዩ ውሳኔ መመዘኛ መሆን የለበትም። ይህን ለፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፣ መንገድ ዳር ግን ያስታወሰኝ አባቴ ነው።

ለእህቴ መንገር ከሁሉ ይከብድ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና «ይቅር፣ እናቴ መንገድ ላይ ከምትቀር» አለች። ዝምታዋን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለ ቀብድ ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በግልጽ ደንግጓል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ትቶ ሲሄድ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ከፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። እርግጥ ሕጉ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታም ያስቀምጣል፣ «አውቆ ደብቆናል» ብለን መከራከር እንችል ይሆናል። ግን በእጃችን አንዲት ወረቀት አልነበረችም። ቀብዱ የተሰጠው በቃልና በእጅ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሳይታይ ቀብድ አይሰጥ። የግድ ከሆነም በጽሑፍና በምስክር ይሁን፣ «መኪናው በመካኒክ ታይቶ ጉድለት ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል ይግባበት። ሻጩ ይህችን አንድ መስመር አልፈርምም ካለ ራሱ መልስ ሰጥቷል።

ምን ምን እንይ?

ከዚህ በኋላ መኪና ለማየት ስንሄድ የምንከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ወረቀቱ። ከሞተሩ በፊት ሊብሬው ይታይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ቁጥር በቁጥር ይመሳከር። የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን አላት? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለባት? ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ተከፍሏል? ይህ ከተመዘገበችበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፋይል ይጣራ። ሻጩ ባለቤቱ ሳይሆን በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑ ይረጋገጥ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይሞታል። ውሉም በሚመለከተው የውልና ማስረጃ ክፍል ይጽደቅ።

2. ቀዝቃዛ ሞተር። ማለዳ፣ ሳይነሳ ይታይ። ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቃችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ፣ እንደ እኔ አትፈሩ።

3. ጭሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደምትበላ ያሳያል። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። በማለዳ ብርድ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ያለ ነው። ከሞቀች በኋላም ነጩ ካልቆመ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው።

4. ውሃና ዘይት። የዘይት ክዳኑ ሥር እርጎ የመሰለ ነገር፣ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ካለ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። የራዲያተር ክዳኑ ጎማም ይታይ።

5. ፍሬን። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ያፈሳል ማለት ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ የሚወርድ ሰው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠብቀዋል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀየሱት ያ ጠመዝማዛ መንገድ ይቅርታ አያውቅም። በማርሽ ይዞ መውረድ እንዲቻል ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑም ይፈተሹ።

6. ኪሎ ሜትሩ። ቆጣሪ ይመለሳል፣ የፔዳል ጎማ ግን አይመለስም። «60 ሺህ ብቻ የሄደች» የተባለች መኪና ፔዳሏና መሪዋ ተልጦ የሹፌሩ ወንበር ከተቀደደ ቁጥሩን አትመኑ።

7. ጎማው። በጎኑ ባለ አራት አሐዝ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ በኮረኮንች መንገድ ይፈነዳል።

8. ዳገት። በመጨረሻ ሰው ጭናችሁ ዳገት አውጧት። ሜዳ ላይ የተፈተነች መኪና አልተፈተነችም።

ርካሽ ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን ያገለገለ መኪና ርካሽ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ አሻቀበ። ስለዚህ ዛሬ የሚሳሳት ገዥ ከእኛ ይበልጥ ይጎዳል።

በዚህ ላይ ሻጭና ዕቃ የሌላት መኪና «ወላጅ አልባ» ናት። ሞጆ ላይ አባይና አዋሽ የተባሉ መኪኖችን ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2013 እ.ኤ.አ. ሲከስር መኪኖቹ መንገድ ላይ ቀሩ፣ ኩባንያው ግን የለም። ከመግዛታችሁ በፊት «የዚህች መኪና ፍሬን ሸራ ዛሬ ቢያልቅ ከየት አገኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኛ ከዚያ ወር በኋላ ደባርቅ ላይ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ገዛን። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ፓራፋንጎዋ የተጋጨ። ዋጋዋ ከነጯ በለጠ፣ አጎቴም ሲያያት ደስ አላለውም። ነገር ግን የከተማው መካኒክ ለዓመታት ያውቃታል። ምን እንደተቀየረላት፣ ምን እንደሚቀራት ነገረን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተነሳ በኋላ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ ከጎንደር ማስመጣት ጭንቅ ሲሆን፣ ለእሷ ግን ሁለት ጊዜ ደባርቅ ላይ ከቆመ ኮሮላ ፈትተን ገጠምንላት። እናቴም መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ ክትትሏን አላቋረጠችም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በእኔ አስተያየት ርካሽ መኪና ማለት በትንሽ ብር የተገዛች ሳትሆን በምትነዳበት አገር ዳገቱን የምትወጣና ስትሰበር እዚያው የምትጠገን ናት። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ከመሆን ይጠብቀን። ዘመድ «ና እያት» ሲላችሁም አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ «ቀብድ ከፍላችኋል ወይ?»

ቸር ይግጠመን።