ደካማ የሚባለው ማን ነው?

በሰንበት ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ የበዓል እርዳታ ስናዘጋጅ ስም የምንመዘግብበት ዝርዝር «ደካሞች» የሚል አርእስት አለው። ቃሉን ሳናስብበት እንጽፈዋለን። በቋንቋችን ግን ድካም ሁለት ነገር ነው፤ አቅም ማጣትም ድካም ነው፣ ሠርቶ መልፋትም ድካም ነው። እንግዲያ ብዙ የደከመ ሰው እንዴት ደካማ ሆኖ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ ከዚሁ ከእኛ ከአርሲ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር፤ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አቀረበ። ስንዴውም አማረ። ነገር ግን ከገበሬዎቹ ብዙዎቹ ጭሰኞች ነበሩ፤ ከምርታቸው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣሉ። ጭሰኛው ማዳበሪያ በዱቤ ለመውሰድ ባለመሬቱ የፈረመበትን የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት፤ ባለመሬቱ አልፈርምም ካለ ዱቤው ቀረ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ስንዴ ማትረፍ ሲጀምር መሬቱ ተወደደ፤ ባለመሬቶቹም ትራክተርና ኮምባይነር እያስገቡ ራሳቸው ማረስ ያዙ፤ ጭሰኛው ከቀዬው ተነሣ። ድርጅቱ በኋላ ብድሩን ከትልልቅ ባለመሬቶች ቢከለክልም ማፈናቀሉን ሊያስቆመው አልቻለም።

ልብ በሉ፤ የዚያ ሰው ክንድ አልዛለም፣ ሞፈር ቀንበሩም አልተሰበረም። ያጣው በስሙ የተጻፈ ወረቀት ነው። የኢኮኖሚው ድካም ከፖለቲካው ድካም ተወለደ፤ ሕጉ የባለመሬቱ ነበርና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ግን ገበሬው እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የመንደር ምሥረታው ዘመቻ በአርሲ ብዙውን ገበሬ ቤቱን አስፈርሶ ወደ አዲስ መንደር አስገባው። ባለመሬቱ ሄዷል፤ ዋጋ ሲቆረጥም ሆነ መንደር ሲመረጥ የማይጠየቀው ሰው ግን ያው ነው። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነበር።

ስለ ማኅበራዊው ድካም ስናነሣ ደግሞ፣ በገበሬ ማኅበር መዝገብ ላይ ስሙ የሚጻፈው በአብዛኛው አባወራው እንደ ነበር መርሳት የለብንም። ስታርምና ስታጭድ የዋለችው ሚስት በመዝገቡ የለችም። ዛሬ በኦሮሚያ የመሬት ሕግ መሠረት የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም ይጻፋል።

በእኛ ዝርዝር ላይ ካሉት ብዙዎቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ከገጠር የመጡ እናቶች ናቸው። ዱቄቱንና ዘይቱን ስንወስድላቸው እንዴት ከረሙ እንላቸዋለን። ያረሱት መሬት በማን ስም እንደ ነበር ግን አንዳቸውንም ጠይቀን አናውቅም።